ኦፕቲፕሌክስ 7020 ላይ አርኤክስ 580 ግራፊክስ ካርድ ለመግጠም ምን ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ልግዛ?

ጌመር አዳማ፦
ሰላም ጓዶች። ስላሽ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 ኮምፒውተር አለኝ፣ ትልቁ ኬዝ፣ ሲፒዩው ኮር አይ 5 4590 ነው። አሁን አርኤክስ 580 በጥሩ ዋጋ አገኘሁ። የዴሉ ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ስለሆነ እንደማይችለው ገብቶኛል። ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ሱቅ "500 ዋት" የሚል አሳዩኝ፣ ዋጋው በጣም ርካሽ ነው፣ ሻጩም "የፈለግከውን ካርድ ያስነሳልሃል" ብሎ ይምላል። ልግዛው?

ሽቦ በጣሽ፦
በትልቁ የተጻፈውን 500 እርሳው። ጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ እይና 12 ቮልት ከሚለው ስር ስንት አምፒር እንዳለ ንገረን። ካርዱም ሲፒዩውም የሚበሉት በዋናነት ከእሱ ነው፣ የ5 እና የ3.3 ቮልቱ ዋት ተደምሮ ቁጥሩን ቢያሳብጠው ለጌም ምንም አይፈይድልህም። ደግሞ በእጅህ አንሳው፤ ባዶ ካርቶን ከመሰለህ እዛው ተወው።

ጌመር አዳማ፦
ፎቶ አንስቼው ነበር፣ 12 ቮልት 18 አምፒር ይላል። ባለ 8 ፒኑ የካርድ ገመድ የለውም። ከሳታ (ከሃርድ ዲስክ የኃይል ገመድ) የሚቀይር አዳፕተር በነጻ እጨምርልሃለሁ ብሎኛል።

ሽቦ በጣሽ፦
12 በ18 ስታባዛው 216 ዋት። 580 ብቻውን 185 ይጠጣል፣ ሲፒዩህ 84። ይኸው 269 ሆነ፣ ፋንና ሃርድ ዲስክ ገና አልተቆጠረም። ፊልም ስታይ ሰላም ነው፣ ጌሙ ሲሞቅ ድርግም ይልብሃል። አዳፕተሩን ደግሞ በነጻም ቢሆን አትንካው! የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፣ ባለ 8 ፒኑ ግን እስከ 150 ሊጠይቅ ይችላል። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከባሰም ይነዳል። የካርዱ ቺፕ ሠሪ ኤኤምዲ ለዚህ ካርድ 500 ዋት ነው የሚመክረው፣ የምር 500 የሆነውን ማለት ነው። 80 ፕላስ የሚል ምልክት ያለው ፈልግ። ምልክቱ የሚለካው ብክነትን እንጂ ዕድሜን አይደለም፣ ቢሆንም ከዚህ ከቀልደኛው ይሻላል።

የፍራንኮ ልጅ፦
ዋናውን ዘለላችሁት እኮ። የ7020 ማዘርቦርድ ዋና የፓወር ሶኬቱ የዴል የራሱ ባለ 8 ፒን ነው፣ የተለመደው ባለ 24 አይገባበትም። ከ24 ወደ 8 የሚቀይር ለዴል የተሠራ ገመድ ያስፈልግሃል። ይሄኛው ደህና ነው፣ እንደ ሳታው አይደለም። ደህና ፓወር ሰፕላይ ሲደመርበት 580ው ርካሽ መሆኑ ይቀራል። እኔ ብሆን የኤንቪዲያን ጂቲኤክስ 1650 ካርድ እፈልጋለሁ፣ አጭሩንና ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውን። 75 ዋት ነው፣ ከቦርዱ ይወስዳል። ኤንቪዲያ 300 ዋት ቢልም የዴሉ 290 የተጻፈውን ይሰጣል። በፍጥነት 580 ይበልጣል፣ አይካድም፣ ግን በአዳማ ሙቀት ክፍልህ ውስጥ ምድጃ ጨመርክ ማለት ነው።

ጌመር አዳማ፦
የ580ው ባለቤት እስከ ቅዳሜ ይጠብቀኛል። እስከዛ 1650 ላፈላልግ። ካጣሁ ግን 580ውን ከነደህና ፓወር ሰፕላዩ እወስዳለሁ።

ሽቦ በጣሽ፦
ከወሰድክ የፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ላይ ቀይ የቮልት መምረጫ ካለ ከመሰካትህ በፊት 230 ላይ መሆኑን እይ። 115 ላይ ከሆነ በእኛ 220 ወዲያው ይፈነዳል።