ናፍጣ ጉድጓድ ውሃ አጠገብ ፈሰሰብኝ፤ አፈሩንና ውሃውን ምን ላድርግ?

ጓሮ አትክልት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቸኩያለሁና በቀጥታ ልግባ። ከቤታችን ጀርባ የጀነሬተር ናፍጣ የምናስቀምጥበት በርሜል አለ። የቧንቧው መገጣጠሚያ ላልቶ ኖሮ ሌሊቱን ሲፈስ አድሯል። ጠዋት ሳየው 100 ሊትር ገደማ ጎድሏል። አፈሩ ጠቁሯል፣ ሽታው አያስቀርብም። በእጅ የተቆፈረው ጉድጓዳችን ከዚያ 15 ሜትር ቢርቅ ነው፤ ቦታውም ወደ ጉድጓዱ ዘቅዘቅ ይላል። ውሃው ግን እስካሁን አይሸትም።

አንዱ በሳሙና እጠቢው ይለኛል። ሌላው አቃጥዪው፣ ሦስተኛው አፈር ደርቢበትና ተዪው። የማንን ልስማ? አሁን ምን ልሥራ? ውሃውን መጠጣት እንችላለን? ቦታው የአትክልት መደብ ነበር፣ መልሼ መትከልስ እችላለሁ?

መካኒኩ፦
አይዞሽ እህቴ። ከሁሉ በፊት ምንጩን ዝጊ። በርሜሉ ውስጥ የቀረውን ወደ ሌላ ደህና በርሜል ገልብጪ። መሬት ላይ የተጠራቀመ ካለ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ በትኝበት። ሲመጥ በአካፋ ዝቀሽ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ክተቺ። ዝናብ የሚመጣ ከሆነ ከላይ በኩል ቦይ ቅደጂ፣ ጎርፉ ዞሮ ይሂድ፤ አፈሩን ደግሞ በሸራ ሸፍኚው።

እሳት እንዳታስጠጊ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይያያዝም፣ እውነት ነው። የቤንዚን ተን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ክብሪት ካገኘ ይቀጣጠላል፤ ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ሰጋቱራና ጨርቅ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን እንደ ኩራዝ ክር ነው የሚሆነው።

የአፈር ሰው፦
የመካኒኩ ምክር ልክ ነው። ሦስቱን ምክሮች ግን ተያቸው።

ሳሙና ናፍጣን አያጠፋም። ሰባብሮ ከውሃ ጋር ያዋህደዋል እንጂ። ላይ ላዩን አፈሩ ይዞት የነበረው ሁሉ ከእጣቢው ጋር ወደ ታች ይወርዳል፣ ታች ደግሞ ጉድጓድሽ አለ። ማቃጠልም ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ብቻ ነው የሚያነደው። ከሥር ያለው እዚያው ይቀራል፣ ጥላሸቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መቅበር ከሁሉም ይብሳል፤ አየር ሲያጣ ናፍጣው ለዓመታት እንዳለ ይቀመጣል።

እስቲ ሁለት ነገር ንገሪኝ። አፈሩ አሸዋማ ነው ወይስ ዋልካ? የጉድጓዱ ውሃስ ስንት ሜትር ላይ ነው?

ጓሮ አትክልት፦
አሸዋ ይበዛበታል። በዶማ ስሞክረው እስከ ጉልበት ጥልቀት ድረስ ይሸታል፣ ከዚያ ወዲያ ሽታው ይቀንሳል። ውሃው 8 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

የአፈር ሰው፦
እንግዲያው ጊዜ አለሽ፣ ግን ብዙ አይደለም። አሸዋ ናፍጣን ቶሎ ያሳልፋል። ዛሬ ወይም ነገ አፈሩን አውጪው።

የት ድረስ እንደምትቆፍሪ በማሽተት ብቻ አትወስኚ። አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። ክዳን ያለው ነጭ ጠርሙስ ውሰጂ። ጭብጥ አፈርና ንጹህ ውሃ ጨምረሽ አጥብቀሽ ነቅንቂውና አስቀምጪው። አፈሩ ሲዘቅጥ ከውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ሽፋን ካየሽ ናፍጣ አለ፣ ቁፋሮው ይቀጥላል። ካላየሽ ጫፉ ላይ ደርሰሻል ማለት ይቻላል። ቁፋሮው እየጠለቀ ከሄደ ግን ማንም ሰው ውስጡ ገብቶ እንዳይሠራ። አሸዋ ይደረመሳል።

የወጣውን አፈር ከውሃ ጉድጓዱ በታች በኩል፣ ራቅ አድርገሽ ወፍራም ፕላስቲክ ላይ 30 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ይኑረውና አንጥፊው። የፕላስቲኩን ዳር ዳር ከፍ አድርጊ፣ የዝናብ ውሃ ገብቶም ሆነ ወጥቶ እንዳይሄድ። ከዚህ በኋላ ሥራው የባክቴሪያዎች ነው። ሱዶሞናስ፣ ሮዶኮከስና ሌሎችም ናፍጣ የሚበሉ ዝርያዎች በየአፈሩ አሉ። «ነዳጅ በል ባክቴሪያ» እያሉ በጠርሙስ የሚሸጡትን እኔ አልገዛም፤ አፈርሽ የራሱ አለው። የሚጎድለው አየር፣ እርጥበት፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው።

አየሩ ዋናው ነው። 1 ኪሎ ናፍጣ በልተው ለመጨረስ ከ3 ኪሎ በላይ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ በአካፋ አገላብጪው። እርጥበቱን በእጅሽ ለኪ፣ ጓንት አድርገሽ። አፈሩን ስትጨብጪው ቅርጹን ይያዝ እንጂ ውሃ አይንጠባጠብ።

ማዳበሪያው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሙያው ልማድ ለ100 ካርቦን 10 ናይትሮጅንና 1 ፎስፈረስ ነው። 100 ሊትር ናፍጣ 84 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ ካርቦኑ 72 ኪሎ ገደማ ነው። በወረቀት ስሌት 14 ኪሎ ዩሪያና ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ ዳፕ ይወጣል። ይህን በአንድ ጊዜ ከበተንሽው ግን ጨው ይበዛና ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን ይጎዳቸዋል፣ የተረፈው ናይትሬት ደግሞ ወደ ውሃሽ ይሄዳል። ከናፍጣው የተወሰነው በንኖ ስለሚሄድም ሙሉው መጠን አያስፈልግም። አፈሩ 5 ቶን ያህል ከሆነ በ2 ኪሎ ዩሪያና በግማሽ ኪሎ ዳፕ ጀምሪ። ከዚያ በየወሩ ትንሽ ትንሽ። ፍግም ይሠራል፣ ሲበዛ ግን ኦክስጅኑን ራሱ ይሻማል።

ተጠራጣሪው፦
ይቅርታ፣ ይሄ ባክቴሪያ ይበላዋል የሚባለው ነገር ለስንፍና ማመካኛ ሆኖ ነው የማየው። እውነት የተሞከረ ነገር አለ?

የአፈር ሰው፦
ጥርጣሬህ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዲዝ የተባለው መርከብ አላስካ ላይ 40 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ዘይት ሲያፈስ፣ የባሕሩን ዳርቻ ለማጽዳት ማዳበሪያ ተረጭቷል። ባክቴሪያዎቹ እዚያው የነበሩ ናቸው፤ ማዳበሪያው ሲደርሳቸው ሥራቸው ፈጠነ። በሌላ በኩል በከፍተኛ ግፊት በሙቅ ውሃ የታጠቡት ዳርቻዎች ላይ ዘይቱን የተቋቋሙ ፍጥረታት እንኳ አለቁ።

ሁለተኛው ደግሞ አንተን ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሚኔሶታ ውስጥ ቤሚጂ አካባቢ የዘይት ማስተላለፊያ ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ፈሰሰ። አብዛኛው ተለቀመ። የቀረው ከከርሰ ምድር ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ቆየ፣ ተመራማሪዎችም ለአሥርተ ዓመታት ሲከታተሉት ኖረዋል። ባክቴሪያዎቹ በውሃው የሟሟውን እየበሉ ብክለቱ ውሃው በሚሄድበት ፍጥነት እንዳይስፋፋ አድርገዋል። ዘይቱ ግን አላለቀም። ለዚህ ነው አፈሩን አውጥታ አየር ትስጠው የምለው። ከመሬት በታች ትቶ መጠበቅ ዕድሜ ይፈጃል።

የውሃ ሙያተኛ፦
ስለ ውሃው እኔ ልመልስ። ለጊዜው አትጠጡት፣ ምግብም አታብስሉበት። አለመሽተቱ ዋስትና አይሆንም። ነዳጅ ውስጥ ቤንዝን የሚባል ኬሚካል አለ፣ ከቤንዚን ጋር አታምታቺው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የቤንዝን መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ካንሰር አምጪ ነው። የሰው አፍንጫ ውሃ ውስጥ የሚለየው ግን በሊትር 10 ሚሊግራም አካባቢ ሲደርስ ነው፤ 1000 እጥፍ ማለት ነው። ናፍጣ ውስጥ ቤንዝን ጥቂት መሆኑ ለአንቺ ዕድል ነው። የፈሰሰው ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ከዚህም ጠንከር ባለ ቃል ነበር የምጽፍልሽ።

ማፍላት አይጠቅምም። የሚተነው ክፍል ወደ ቤትሽ አየር ይገባና ትተነፍሱታላችሁ፣ ከባዱ ክፍል ደግሞ ድስት ውስጥ ይቀራል። ክሎሪንም ሆነ የአሸዋ ማጣሪያ አይሠራም። አክቲቬትድ ካርቦን (ኬሚካል እንዲይዝ ተደርጎ የተዘጋጀ ከሰል) ይሠራል፤ ግን ሲሞላ አይናገርም፣ ማለፍ መጀመሩን የምታውቂው በምርመራ ብቻ ነው።

ደግሞ «እስኪጠራ ልቅዳው» ብለሽ በፓምፕ እንዳትስቢ። ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ አንቺ ስትስቢ በዙሪያው ያለውን ወደ ራስሽ ትጠሪዋለሽ።

ናሙና ስትወስጂ በላስቲክ ጠርሙስ አይሁን። ላብራቶሪውን የመስታወት ብልቃጥ ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ነው። ውስጡ የአሲድ ጠብታ ሊኖር ስለሚችል እንዳታለቅልቂው። ቀስ ብለሽ እስከ አፉ ሙዪ፣ ክደኚ፣ ገልብጠሽ እዪው። የአየር አረፋ ካለ የሚተነው ክፍል ወደዚያ ያመልጣልና በሌላ ብልቃጥ እንደ አዲስ ውሰጂ። በናፍጣ በተነካ እጅ አትንኪው። በረዶ ባለበት ሣጥን አድርገሽ ቶሎ አድርሺ። ቤንዝን፣ ቶሉን፣ ኤቲልቤንዝንና ዛይሊን እንዲሁም ጠቅላላ የነዳጅ ሃይድሮካርቦን እንዲለኩልሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

አንድ ንጹህ ውጤት አግኝተሽ እንዳትዘናጊ። ናፍጣ 8 ሜትር ለመውረድ ጊዜ ይወስዳል። ከትልቅ ዝናብ በኋላና ከጥቂት ወራት በኋላ ደግመሽ አስለኪ።

ዝምተኛው፦
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኛ ጋ የምንጩ ውሃ ዳር ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ነገር አያለሁ። በአካባቢው ነዳጅ የሚባል ነገር የለም። ምንድን ነው?

የውሃ ሙያተኛ፦
በቀጭን እንጨት ንካው። እንደ ተሰበረ መስታወት ቁርጥራጭ ሆኖ ከተለያየና መልሶ ካልገጠመ፣ ብረት የሚወዱ ባክቴሪያዎች የሠሩት ነው፤ ብዙ ጊዜ አጠገቡ የዛገ የሚመስል ቀይ ዝቃጭ አይጠፋም። እንጨቱን ተከትሎ ከተጠማዘዘና ወዲያው መልሶ ከተያያዘ ግን ዘይት ነው፣ ምንጩን ፈልግ።

ጓሮ አትክልት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። የአትክልቱ ነገር ግን ቀረ። አፈሩ መጽዳቱን በምን አውቃለሁ?

የአፈር ሰው፦
በቀን ቆጠራ አይደለም። በሞቃት ወራት ጥሩ እየተገላበጠ ከሆነ አብዛኛው ናፍጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀንሳል። ከባዱ ክፍል ግን ወደ መጨረሻው ላይ ይንቀራፈፋል። ላብራቶሪ ከመላክሽ በፊት ቀላል ሙከራ አለ። ሁለት ሣህን አዘጋጂ፣ አንዱ ላይ ንጹህ አፈር፣ አንዱ ላይ ይህንን። እኩል ቁጥር ያለው የሰላጣ ዘር ዝሪባቸው። በናፍጣው አፈር ላይ የበቀለው ጥቂት ከሆነ ወይም ከቀጨጨ ገና ነው። እኩል ከበቀለ ያኔ ላብራቶሪ ላኪ፤ የሚበላ ነገር የሚተከለው ከላብራቶሪው ውጤት በኋላ ነው። እስከዚያ ሣር ይሁንበት።

መካኒኩ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ካለሽ እዚያ ክምር ላይ እንዳትደፊው። እሱ ውስጥ ብረታ ብረት አለ፣ ያንን የሚበላ ባክቴሪያ የለም።

በርሜሉንም መልሰሽ መሬት ላይ አታስቀምጪው። ሥሩ ሲሚንቶ፣ ዙሪያው አጭር ግንብ ይሁን። ግንቡ የበርሜሉን ሙሉ ይዘት ከነ 10 በመቶ ትርፉ መያዝ አለበት። የዝናብ ውሃ ማስወጫ ቫልቭ ካደረግሽለት ሁልጊዜ ተዘግቶ ይኑር፤ ከመክፈትሽ በፊት ውሃው ላይ ሽፋን አለመኖሩን እዪ። መገጣጠሚያውን ደግሞ በጨርቅ አትጠምጥሚ፣ ለናፍጣ የሚሆን ማሸጊያ ይግባበት።

ጓሮ አትክልት፦
ሸራው ለብሷል፣ ቦዩም ተቀዷል። ቁፋሮው ነገ ጠዋት ነው። ፕላስቲኩ ግን ስስ ነው፣ ሁለት ድርብ ባደርገው ያስኬዳል?

የአፈር ሰው፦
ያስኬዳል፣ ግን ከላዩ ላይ የንጹህ አሸዋ ንጣፍ አድርጊበት። አለበለዚያ በመጀመሪያው ማገላበጥ አካፋው ይቀደዋል።