የፊልም ምሽታችን በሞት አይጀመር፦ የወርኃዊው ተከታታይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በወር አንድ ምሽት የቆዩ ፊልሞችን አብረን እንድናይ ተስማምተናል። የኤልጂቢቲ ሰዎች (የተመሳሳይ ወይም የሁለቱም ፆታ አፍቃሪዎች፣ እንዲሁም ሲወለዱ ከተባለላቸው የተለየ ፆታ ያላቸው ትራንስጀንደሮች) ራሳቸውን ያገኙባቸው፣ አንዳንዴም ከሳንሱር ተደብቀው ያለፉባቸው ፊልሞች ማለት ነው። ለቦርዱ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እየተነጋገርን እንጻፈው። ለመነሻ ያህል ስድስት ፊልሞችን በወጡበት ዓመት ደርድሬያለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «አንደርስ አልስ ዲ አንደርን» 1919፣ «ሜድሽን ኢን ኡኒፎርም» 1931፣ «ሮፕ» 1948፣ «ሳም ላይክ ኢት ሆት» 1959፣ ከዚያ የ1961ዶቹ «ዘ ቺልድረንስ አወር» እና «ቪክቲም»። ቅር ያለው ሰው ይናገር።

የፊልም ምርጫ ክፍል አባል፦
ፊልሞቹን ወድጃቸዋለሁ። ቅደም ተከተሉ ግን ከብዶኛል። እስቲ ቁጠሩት። በ1919ኙ ፊልም ቫዮሊን ተጫዋቹ ራሱን ያጠፋል። በ«ዘ ቺልድረንስ አወር» ማርታ ራሷን ታጠፋለች። በ«ቪክቲም» ወጣቱ ባሬት ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ራሱን ያጠፋል። በ«ሮፕ» ደግሞ ሁለቱ ወንዶች ነፍሰ ገዳዮች ናቸው። ከስድስቱ አራቱ ማለት ነው!

እኔ እንደ እኔ ያለ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም ያየሁት ሲሞት ነው። ልጅ ነበርኩ። ለብዙ ዓመት ከውስጤ አልወጣም። አሁን አንድ ሰው ስንት ጊዜ አመንትቶ፣ ልቡ እየመታ ወደ አዳራሻችን ሲገባ መጀመሪያ የምናሳየው ያንን ከሆነ ተመልሶ የሚመጣ አይመስለኝም። በምንም ጀምሩ፣ በሞት ብቻ አትጀምሩ።

አንጋፋ አባል፦
ልጄ፣ ያልከው ገብቶኛል። እኔም በዚያው መንገድ ነው ያለፍኩት። ግን ሞቶቹን ሁሉ በአንድ ዓይን አንያቸው። የሆሊዉድ ስቱዲዮዎች ሄይስ ኮድ የሚባል ደንብ ነበራቸው። በ1930 ተጻፈ፣ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ተሠራበት፣ እስከ 1968 ቆየ። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን መጠቆም እንኳ ክልክል ነበር። ደንቡ ኃጢአት ያለውን ነገር የሠራ ገጸ ባሕርይም ሳይቀጣ ፊልሙ አያልቅም። በ1961 ደንቡ ሲላላ ጉዳዩን «በጥንቃቄ» ማንሳት ተፈቀደ። በ«ዘ ቺልድረንስ አወር» ማርታ ለሴት ጓደኛዋ ያላትን ስሜት አውጥታ የተናገረችው ያኔ ነው። ተናገረች፣ ወዲያው ሞተች።

የ1919ኙ ግን ሌላ ነው። የጀርመን ፊልም ነው። ሞቱ ገጸ ባሕርዩን አይቀጣም፣ ሕጉን ይከሳል። በወንዶች መካከል ያለውን ግንኙነት ወንጀል ያደረገው አንቀጽ 175 ነው የተከሰሰው። የፆታ ጉዳይ ተመራማሪው ዶክተር ማግኑስ ሂርሽፌልድ ፊልሙን አብረው ጽፈው ራሳቸውም በፊልሙ ውስጥ ይናገራሉ። በ1920 ታገደ። ዛሬ የቀረን ቁርጥራጩ ነው። አንቀጹ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው በ1994 ነው፤ ፊልሙ ከወጣ ሰባ አምስት ዓመት ቁጠሩ። «ቪክቲም»ም ከሳሽ ፊልም ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የነበረው ተመሳሳይ ሕግ ከመለወጡ ስድስት ዓመት ቀድሞ ነው የወጣው። እነዚህን ሁለቱን አታስቀሩብኝ። መጀመሪያ ይሁኑ ግን አልልም።

የፊልም ምርጫ ክፍል አባል፦
አመሰግናለሁ። ሞቱ ሲቀጣና ሲከስ ለይቼ አስቤው አላውቅም ነበር። እርስዎ ከየፊልሙ በፊት አሥር ደቂቃ ቢናገሩልን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

አንድ አባል፦
ብዙዎቻችሁ «ሳም ላይክ ኢት ሆት»ን ለመክፈቻ እንደምታስቡት አውቃለሁ። አስቂኝ ነው፣ ተዋንያኑ ይታወቃሉ፣ ማንም አያለቅስም። እኔ ትራንስጀንደር ነኝ። ቀሚስ የለበሰ ወንድ ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲስቅ መስማት ቀላል አይደለም። ፊልሙን አልጠላውም። እንዲያውም መጨረሻው፣ ሚሊየነሩ ሰውዬ እውነቱን ሰምቶም ሐሳቡን የማይለውጥበት፣ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ግን ከተዋወቅን በኋላ ይምጣ፣ አራተኛ ወይም አምስተኛ ላይ። ሳቁ ያኔ የእኛ ይሆናል።

በ«ሮፕ» ፋንታ ደግሞ የ1933ቱን «ኩዊን ክሪስቲና» አስቡልኝ። ግሬታ ጋርቦ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጋልብ ንግሥት ናት። የደንገጡሯን ከንፈር ትስማለች። በመጨረሻ ዘውዷን ትታ መርከቡ ላይ ትቆማለች፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆያል። ፍቅረኛዋ ይሞታል፣ እሷ ግን ትሄዳለች። ያንን ፊት በትልቅ ስክሪን ማየት አለብን።

ሌላ አባል፦
መክፈቻውማ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። «ሜድሽን ኢን ኡኒፎርም» ነው። ዳይሬክተሯ ሴት፣ ሊዮንቲን ሳጋን። ከተዋንያኑ መካከል አንድም ወንድ የለም። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያለች ልጅ አስተማሪዋን ትወዳለች፣ በሰው ፊትም ትናገረዋለች። ተቀጣች፣ ከሁሉ ተለየች። ደረጃው ጫፍ ላይ ወጥታ ልትወድቅ ስትል ጓደኞቿ ስሟን እየጠሩ ሮጠው ይይዟታል። ልጅቷ አትሞትም። በ1931! አዲስ የመጣው ሰው መጀመሪያ ሊያይ የሚገባው ያንን ነው፤ የሚወድቅን ሰው እጅ ሲይዘው።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔም በዚህ ተስማምቻለሁ። የገንዘቡን ነገር ግን ላንሳ። ዲቪዲ ገዝቶ ቤት ማየትና አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ማሳየት አንድ አይደሉም። በወር እየከፈልን በኢንተርኔት የምናየውም እንዲሁ። የማሳያ ፈቃድ ከባለመብቱ ወይም ከአከፋፋዩ መጠየቅ አለበት። መግቢያውን ነፃ ብናደርግም አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዱ አይቀርም። የ1919ኙ አሮጌ ስለሆነ ማንም አይጠይቀንም ብላችሁ አታስቡ፤ የታደሰው ቅጂ፣ ሙዚቃውና ሰብታይትሉ የየራሳቸው ባለመብት ሊኖራቸው ይችላል። ሰብታይትል ራሳችን እንተርጉም ካልንም ያንኑ በደብዳቤው ውስጥ እንጠይቅ። ስለዚህ ከአሥራ ሁለት ወር ይልቅ በስድስት እንጀምር። መግቢያው ሰው እንደ አቅሙ የሚከፍለው ይሁን።

አንድ አባል፦
ፎቶ ማንሳት ጨርሶ አይፈቀድ። በር ላይም ስም አይመዝገብ። ከመካከላችን ለቤተሰቡ ያልነገረ አለ።

አንጋፋ አባል፦
ልክ ነው። ራስን ማጥፋት ያለባቸውን ፊልሞች ደግሞ በግብዣው ላይ እንጻፈው። ታሪኩን ቀድሞ ያወጣል የሚል ይኖራል። ይውጣ። ሰው ሳይዘጋጅ ከሚደነግጥ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ዘ ቺልድረንስ አወር»ን የሠራው ዊልያም ዋይለር ፊልሙ የተነሳበትን ቲያትር በ1936ም ፊልም አድርጎታል። ያኔ በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለውን ፍቅር አውጥቶ፣ አንዲቱ የሌላዋን እጮኛ ወደደች ተብላ እንድትከሰስ ነው ያደረገው። ሁለቱን በአንድ ምሽት ማሳየት አንችልም፣ ከሦስት ሰዓት ያልፋል። እኔ በቃል እነግራችኋለሁ።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ ለቦርዱ የሚሄደው ይህ ነው። ስድስት ወር፣ በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ። መክፈቻ «ሜድሽን ኢን ኡኒፎርም»። ሁለተኛ «ኩዊን ክሪስቲና»። ሦስተኛ «አንደርስ አልስ ዲ አንደርን»፣ አጭር ስለሆነ ከፊልሙ በኋላ ረዘም ያለ ውይይት ይኖራል። አራተኛ «ዘ ቺልድረንስ አወር»፣ አምስተኛ «ሳም ላይክ ኢት ሆት»፣ መዝጊያ «ቪክቲም»። «ሮፕ» ለሚቀጥለው ዙር ይቆያል። ከየፊልሙ በፊት አሥር ደቂቃ መግቢያ። ፎቶ የለም፣ የስም ምዝገባ የለም፣ ማስጠንቀቂያው ግብዣው ላይ ይጻፋል።

የፊልም ምርጫ ክፍል አባል፦
አንድ ለውጥ ብቻ። አምስተኛውና ስድስተኛው ይቀያየሩ። በሞት ካልጀመርን በሞትም አንጨርስ።

ጸሐፊ፦
ተቀይሯል። «ቪክቲም» አምስተኛ፣ «ሳም ላይክ ኢት ሆት» መዝጊያ። ገንዘብ ያዣችን ለፈቃዱ ደብዳቤ መጻፍ ይጀምር።