አስቸኳይ፦ ባለፈረሱ የአሜሪካ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ ገዢው ነገ ጠዋት ይመጣል

ባለፈረሱ፦ ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ የሰጠችኝ፣ የካውቦይ ኮርቻ የተጫነ የነሐስ ፈረስ ከጎኑ የቆመበት አሮጌ የኤሌክትሪክ የጠረጴዛ ሰዓት አለኝ፤ ፊቱ ላይ «ዩናይትድ» የሚል ስም ተጽፎበታል። ነገ ጠዋት ገዢ ይመጣል፤ ሰዓቱ ግን በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ወደኋላ ይቀራል። ሰዓት ሠሪ ዘይት ቢያደርግለትም ለውጥ የለም። ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ተመሳሳዩን በ400 ዶላር ተለጥፎ ስላየሁ በርካሽ መስጠት አልፈልግም። እባካችሁ ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?

የጥንት ዕቃ ወዳጅ፦ በመጀመሪያ ያለዎትን ዕቃ ይወቁት። ዩናይትድ በኒው ዮርክ ብሩክሊን የነበረ ፋብሪካ ነው። እንዲህ ያሉ ባለፈረስ ሰዓቶች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ፣ የካውቦይ ፊልም በአሜሪካ እጅግ ተወዳጅ በነበረበት ዘመን፣ በብዛት ተሠርተው ከእሳት ምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ ነበር። ተመሳሳይ ፈረስ ያላቸው፣ በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት የነበረው የሴሽንስ ፋብሪካ ሰዓቶችም ይገኛሉ። ስለዚህ ገዢው ሳይመጣ የጀርባውን ጽሑፍ በግልጽ ፎቶ አንሡት።

ጥርስና ሞላ፦ የደረቀ ቅባት ነው። እንደገና ዘይት ይደረግለት።

ሰላማዊት፦ ፈረሱ ከአሜሪካ ድረስ መጥቶ ቢደክመው አይፈረድበትም! ነገር ግን የኤሌክትሪክ ገመዱን ይመልከቱ፤ የዚያ ዘመን ገመድ ልባሱ ይሰነጠቃልና ተሰክቶ አይደር።

የቨርጂኒያው፦ ወንድሜ፣ እኔ የማልስማማው ከመነሻው ነው። ፈረሱ ነሐስ አይመስለኝም፤ አብዛኞቹ ከዚንክ ቅይጥ ተቀልጠው የነሐስ ቅብ የተቀቡ ናቸው። ከመቀመጫው ሥር፣ በማይታይ ቦታ፣ በጥቂቱ ቢፍቁት ግራጫውን ዚንክ ያገኛሉ። በማግኔት አይሞክሩት፤ ማግኔት ነሐስንም ዚንክንም አይስብም። በምንም ዓይነት በብረት መወልወያ አይወልውሉት፤ ቅቡ ከተነሣ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል። ዋጋውን በተመለከተ፣ የተለጠፈው ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። ኢቤይ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን መርጠው ቢፈልጉ አብዛኞቹ ከ100 ዶላር በታች መሄዳቸውን ያያሉ። የልጓሙ ሰንሰለት የጎደለ፣ እግሩ የተሰበረ ወይም የፊቱ መስታወት የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

ጥርስና ሞላ፦ ዘይት ያልኩት በደንብ ተፈትቶ ከታጠበ በኋላ ነው።

ኤሌክትሪኩ፦ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሰዓቱ የተሰካው የት አገር ነው?

ባለፈረሱ፦ አዲስ አበባ ነው እንጂ። በትራንስፎርመር ነው የምሰካው፤ 110 ቮልት እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ።

ኤሌክትሪኩ፦ እንግዲያው ሰዓቱ አልተበላሸም። ይህ ሞተር የሚቆጥረው ቮልቱን ሳይሆን የመብራቱን ምት ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ዑደት፣ የእኛ ደግሞ 50 ዑደት አለው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢቀንስም ዑደቱን አይለውጥም። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ 50 ደቂቃ ብቻ ይሄዳል፤ ያም እርስዎ ያዩት የ10 ደቂቃ ልዩነት ነው። ሞተሩ በ50 ዑደት ይበልጥ ስለሚግልም ረጅም ጊዜ ተሰክቶ መቆየት የለበትም። 60 ዑደት የሚሰጥ ኢንቨርተር (የኤሌክትሪክ መለወጫ) ቢገኝም ከሰዓቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ባለፈረሱ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ታዲያ በባትሪ የሚሠራ ማሽን ላስገባበት?

ኤሌክትሪኩ፦ ዛሬ ማታ ምንም አይንኩት። ለገዢው ምክንያቱን ነግረው በፈረሱ ውበትና በፊቱ ደኅንነት ይደራደሩ። ባትሪ ከፈለገ የጠቋሚዎቹን ቀዳዳና የፊቱን ውፍረት ለክቶ ማስቀየር ይችላል፤ ያን ጊዜም የወጣው ሞተር ተጠብቆ ከሰዓቱ ጋር ይቀመጥ፤ ሰብሳቢ ሙሉውን ዕቃ ነውና የሚፈልገው።

የቨርጂኒያው፦ ወደ አሜሪካ ልኬ ልሽጥ ካሉም ዕቃው ከባድ ነው፤ የመላኪያው ክፍያና የኢቤይ ኮሚሽን ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፍዎትን አስቀድመው ያስሉ። እኔ ብሆን ለነገው ገዢ እሸጠው ነበር።

ሰላማዊት፦ ገዢው መጣ?