ቴሲስ ስንጽፍ ላይብረሪ በምን ይረዳናል?

የጮቄ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ! ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ቴሲሴ ኖራ በአሲዳማ አፈር ላይ ለስንዴ ስለሚሰጠው ጥቅም ነው። አድቫይዘሬ ሊትሬቸር ሪቪው ክፍሉን (የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳውን) «ይሄ ዝርዝር ነው» ብለው መለሱልኝ። ላይብረሪ የምሄደው መጽሐፍ ለመዋስና ለዋይፋይ ነው። ለጽሑፍም ያግዛሉ ሲባል ሰማሁ። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ዳሞት
እህቴ፣ «ቴሲሴን እዩልኝ» ብለሽ አትሂጂ። ጥያቄሽን አጥብቢው። «ስለ ኖራና ፎስፈረስ የወጡ ጽሑፎች ክፍያ እየጠየቁኝ ነው» በያቸው። ሪሰርች ፎር ላይፍ (ለታዳጊ አገር ተቋማት የምርምር ጽሑፎችን የሚከፍት ፕሮግራም) ውስጥ አጎራ የሚባል የግብርና ክፍል አለ። መግቢያው የሚሰጠው ለተቋም ስለሆነ ላይብረሪውን ነው የምትጠይቂው።

መጻሕፍት ቤት
ባሕር ዳር ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ብዙ ተማሪ የሚመጣው ዲፌንስ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ከሪፈረንስ ማስተካከል አናልፍም። ገና ስትጀምሪ ነይ። ዞተሮ የሚባለውን ሪፈረንስ የሚያደራጅ ሶፍትዌር እንጭንልሻለን፣ በነፃ ነው። ግን እሱ ያመጣውን ሁሉ አትመኚ። የእኛ ሰው ስም ላይ ብዙ ይሳሳታል፦ አንዱን ጸሐፊ አንድ ቦታ በራሱ ስም፣ ሌላ ቦታ በአባቱ ስም ያስቀምጠዋል። ሪፈረንስሽ ላይ ሁለት ሰው ይመስላል። የዲፓርትመንትሽን መመሪያ ይዘሽ አንድ በአንድ አስተካክዪ።

ዓባይ ማዶ
አድቫይዘርሽ ያሉት ይሄን ይመስለኛል። «እከሌ (2018) ኖራ ምርት ጨመረ አለ። እከሊት (2020) ኖራ ምርት ጨመረ አለች።» ይሄ ዝርዝር ነው። እንዲህ ብትዪውስ? «ኖራ የአፈሩን አሲድነት ሲቀንስ የአሉሚኒየም ጉዳት ይቀንሳል፣ ታስሮ የነበረው ፎስፈረስም ለሰብሉ ይደርሳል (እከሌ 2018፤ እከሊት 2020)። ጥናቶቹ የማይስማሙት በኖራው መጠን ላይ ነው።» አሁን አንቀጹን የምትመሪው አንቺ ነሽ። ለዚህ ሰንጠረዥ ሥሪ፦ ቦታ፣ የአፈር ዓይነት፣ የኖራ መጠን፣ ውጤት። ላይብረሪያኑ ጽሑፎቹን ያገኝልሻል፤ ማወዳደሩ ግን የአንቺ ሥራ ነው።

የጮቄ ልጅ
ተባረኩልኝ! ሰንጠረዡን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። የሲሚላሪቲ ቼክስ? ጽሑፌ ከሌሎች ጋር መመሳሰሉን የሚያዩበትን ማለቴ ነው።

መጻሕፍት ቤት
እንደየግቢው ይለያያል። አንዳንዱ ጋ ላይብረሪ፣ ሌላው ጋ የድህረ ምረቃ ቢሮ ይሠራዋል። ሪፖርቱ ሲመጣ በፐርሰንቱ አትደንግጪ፤ ሶፍትዌሩ መመሳሰልን እንጂ ስርቆትን አይለይም። ቀለም የተቀባውን ቦታ እዪ። ሪፈረንስ ላይ ከሆነ ችግር የለውም። ሙሉ አንቀጽ ከሆነ ግን ቃል በመቀያየር አትሸፍኚው። የወሰድሽበትን ጽሑፍ ዝጊና የገባሽን በራስሽ ቋንቋ ጻፊ፣ ምንጩንም ጥቀሺ።