ሐረጎን ስወጣ ሙቀት ይነሳል፣ የትኛው ዋተር ፓምፕ ይሻለኛል?

የኮምቦልቻው ዲኤክስ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ፣ ኬኢ70 ዲኤክስ ናት፣ የድሮውን 4ኬ ሞተር አውርጄ 4ኤ-ጂኢ 16 ቫልቭ ነው ያስገባሁባት፣ ራዲያተሩም ወደ አልሙኒየም ተቀይሯል። ኮምቦልቻ ውስጥ ስነዳት ምንም የላትም፣ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስወጣ ግን በሁለተኛና በሶስተኛ ማርሽ 6 ሺህ 7 ሺህ ዙር ላይ ስይዛት የሙቀት ጌጁ ይነሳል፣ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ተመልሶ ይወርዳል። መካኒኬ ውሃውን በሞተሩና በራዲያተሩ የሚያዞረው ፓምፑ አቅም የለውም በተሻለ ቀይረው አለኝ። ያገኘሁት ሶስት ዓይነት ነው፣ ሶማሌ ተራ ያለ የጃፓኑ አይሲን ፓምፕ፣ ከዱባይ የሚመጣ ሃይ ፍሎው የሚሉት ምላሱ በዛ ያለ፣ ከዛ ደግሞ የዴቪስ ክሬግ ኤሌክትሪክ ፓምፕ 115ቱ። ሞተሩን በጣም ነው የምወደው ማቃጠል አልፈልግም፣ የምታውቁ ምከሩኝ።

ጋራዥ ቧንቧ ውሃ
አብሽር ወንድሜ። ሙቀቱ መቼ እንደሚነሳ መጻፍህ ራሱ ግማሹን መልስ ሰጥቶሃል። ከሲኖትራክ ኋላ ቀስ ብለህ ስትጎተት ቢሆን የሚነሳው ነገሩ የአየር ነው፣ ፋኑን ወይ የራዲያተሩን ፊት እይ እልህ ነበር። ያንተ ዙር ሲበዛ ነው፣ ስለዚ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፓምፑ ውስጥ ውሃው አረፋ እየሰራ ነው ብዬ ነው። ፓምፑ ሲሽከረከር በሚስብበት በኩል ግፊቱ ይወርዳል፣ ዙሩ በጣም ሲበዛ ግፊቱ ከመጠን በላይ ይወርድና ውሃው እዛው ኢምፔለሩ ላይ፣ ማለትም ውሃውን የሚገፋው ባለምላሱ ተሽከርካሪ ላይ፣ ይፈላል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ ውሃ አይገፋም፣ አረፋው ሲፈነዳም ብረቱን ይበላዋል። ካቪቴሽን የሚሉት ይሄን ነው። የድሮውን ፓምፕ ስታወርደው ኢምፔለሩ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ካለው እሱ ነው በለው።

አሁን ከፍታውን ጨምርበት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ክፍት ዕቃ ላይ የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ስለሆነ 94 አካባቢ። ባህር ዳርቻ ያለ ሰው ከ100 ነው የሚነሳው፣ እና እሱ ይሄ ፓምፕ 7 ሺህ ዙር ይችላል ብሎ የጻፈውን እኛ እዚህ እንዳለ መውሰድ የለብንም። ልዩነቱን የሚሞላልህ የራዲያተር ክዳን ነው። 0.9 የሚል ክዳን፣ ቁጥሩ የሚይዘው ግፊት ነው፣ በትክክል ከያዘ ደሴ ላይም ንጹህ ውሃ እስከ 114 ገደማ ሳይፈላ ይቆያል፣ ጎማው ደርቆ ወይ ስፕሪንጉ ደክሞ ካልያዘ ግን የትኛውንም ፓምፕ ብትገዛ ገንዘብህን ነው የምትጥለው። ስለዚ መጀመሪያ አዲስ ክዳን፣ 0.9 ወይ 1.1። 1.3 የሚባለውን የውድድር ክዳን ማኒኮቶዎችህ (የውሃ ጎማዎቹ) አዲስ ካልሆኑ አትንካው፣ ይፈነዱብሃል። የታችኛውን ማኒኮቶም ዙር አሰጥተህ እየው፣ ውስጡ የሽቦ ስፕሪንግ ከሌለው ፓምፑ ሲስብ ይጣበቅና ውሃ ይዘጋል፣ ይሄን ስንቱ ፓምፕ ነው ብሎ ቀይሮታል።

ከሶስቱ ምረጥ ካልከኝ አይሲኑን፣ እሱም ኦሪጅናል መሆኑን አይተህ። ምላስ በዛ ማለት ውሃ በዛ ማለት አይደለም። ከቆርቆሮ ተጣጥፎ የተሰራ ኢምፔለርና በካስት (ቀልጦ በቅርጽ ፈስሶ) የተሰራ ኢምፔለር አንድ አይደሉም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በኢምፔለሩና በቤቱ መሃል ያለውን ክፍተት እየው፣ ሰፊ ከሆነ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። ኩሽኔታው ላይ ትንሽ እንኳን ጨዋታ ካለ አትቀበል።

ወሎየው ቱርቦ
ጋራዥ ያለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ያንተ ሞተር ቱርቦ ስለሌለው ደሴ ላይ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል፣ ስለዚህ የሚያወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። እኔ ሱባሩ ኢጄ20 ቱርቦ ነው ያለኝ፣ ቱርቦው ጉልበቱን ይመልስለታል ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ግን ስስ እንደሆነ ነው፣ ለኔ ከባዱ እዛ ጋ ነው። ፓምፑም በታይሚንግ ቺንጋ ስለሚዞር ቺንጋ ስቀይር ፓምፑንም አብሬ ነው የምቀይረው። ያንተ በውጪ ቺንጋ ስለሆነ እድለኛ ነህ፣ ለመቀየርም ቀላል ነው።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ 115 ማለት ምንም ሳያግደው በደቂቃ 115 ሊትር ማለት ነው፣ በሞተርና በራዲያተር ሲያልፍ ያነሰ ነው የምታገኘው፣ እስከ 10 አምፔር አካባቢም ይስባል። ጥቅሙ ከሞተር ዙር ጋር አለመያያዙ ነው፣ ሞተር ካጠፋህ በኋላም ውሃ ያዞርልሃል። ግን መንገድ ላይ ከቆመ ኮምቦልቻና ደሴ ላይ ምትኩን አታገኝም፣ በየቀኑ የምትነዳት መኪና ላይ እኔ አላደርገውም።

የኮምቦልቻው ዲኤክስ
በጣም አመሰግናለሁ፣ አላህ ይስጣችሁ። ሁለት ጥያቄ፣ የፓምፑን ፑሊ ትልቅ ባደርገው ዙሩ ስለሚቀንስ አረፋው አይቀርም ወይ? ሌላው ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚከፍተው) የላትም፣ ሞተሩ ሲገባ ለኛ አገር አይሆንም ተብሎ ወጥቷል፣ እሱ ችግር አለው?

ጋራዥ ቧንቧ ውሃ
ወንድሜ ይሄን መጀመሪያ ብትነግረን ጥሩ ነበር፣ ቴርሞስታቱን መልሰው። አንዳንድ ቴርሞስታት ከታች ሌላ ክዳን አለው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ባይፓስ የሚባለውን አጭር መንገድ ይዘጋል። እሱን ስታወጣ ባይፓሱ ክፍት ይቀርና የሞቀው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል፣ ዙር ሲበዛ ያንተን ዓይነት ነገር ያመጣል። ቤቱን ፈተህ የባይፓሱን ቀዳዳ እይ፣ ካለ 82 ዲግሪ ላይ የሚከፍት አስገባ። ጠዋት ጠዋት በደሴ ብርድ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅም እሱ ያስፈልግሃል። ውሃው ቶሎ ስለሚያልፍ አይቀዘቅዝም የሚሉህን ግን አትስማ፣ ውሃ በፈጠነ ቁጥር ራዲያተሩ የሚጥለው ሙቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ፑሊው ይሰራል፣ ለውድድር መኪና ያደርጉታል። የፓምፑ ዙር በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው ውሃም በግማሽ ይቀንሳል፣ ከሞተር የሚወስደው ጉልበት ደግሞ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። ግን አንተ ከውድድር ሜዳ ይልቅ ከጭነት መኪና ኋላ ነው የምትውለው፣ በዝቅተኛ ዙር ውሃው ያንስብሃል፣ ስለዚ ፋብሪካው በሰራው ልክ ተወው።

አራዳ ሰኞ ገበያ
በሞተሩ ብሎክና በላይኛው ቴስታታ መሃል ያለውን የቴስታታ ጋርኒሲዮንም አትርሱ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ አስነሳና ዙር ስጠው፣ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፣ ምልክቱ ከፓምፕ ድካም ጋር በጣም ይመሳሰላል። የቧንቧ ውሃም አትሙላበት፣ ኩላንት በዲስትልድ ውሃ ግማሽ በግማሽ።

ወሎየው ቱርቦ
በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር (ሳይነካ ሙቀት የሚለካው) ለክተህ ላክልን። ዳገቱን እንደጨረስክ ጥግ ያዝና የራዲያተሩን መግቢያና መውጫ ወዲያው ለካ። ልዩነቱ በጣም ሰፊ ከሆነ ውሃው አይዞርም ማለት ነው፣ ሁለቱም ሞቀው ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ ግን ፓምፑን ተወው አየሩ ነው። የክዳኑንና የአሮጌውን ኢምፔለር ፎቶም ጨምርበት።