ኤንማፕ አጠገቤ ያለውን ላፕቶፕ «የለም» ይለኛል

ጥያቄ
ሰላም ነው? ቤት ውስጥ ኔትወርኬ ላይ ማን ማን እንዳለ ለማየት ኤንማፕን (ኔትወርክ ላይ ያሉ ማሽኖችን የሚፈልግ ፕሮግራም) በሰረዝ ኤስኤን፣ ማለትም ማን እንዳለ ብቻ እንዲያይ፣ 192.168.1.0/24 ላይ (የቤቴ ኔትወርክ አድራሻዎች በሙሉ) ለቀቅኩት። ራውተሩንና ፕሪንተሩን አገኘ። ዊንዶውስ ላፕቶፑና ስልኮቹ ግን ጭራሽ የሉም። ላፕቶፑ እኮ አጠገቤ ቪዲዮ እያጫወተ ነው! ፒንግ («አለህ?» የሚል አጭር መልእክት) ሳደርገውም ዝም። ምን ጉድ ነው?

ሽቦው
ያለ ሱዶ (ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ) ነው ያስኬድከው አይደል? እንደዛ ከሆነ ኤንማፕ ጥሬ ፓኬት (ራሱ የሠራው የዳታ ጥቅል) መላክ ስለማይፈቀድለት ወደ ፖርት 80 እና 443 (የድረ ገጽ በሮች) ተራ የቲሲፒ ግንኙነት ብቻ ነው የሚሞክረው። ማሽኑ «ፖርቱ ዝግ ነው» ብሎ ቢመልስ እንኳን መኖሩ ይታወቅ ነበር፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል (ያልተፈለገ ግንኙነት የሚከለክለው) ግን ጥያቄውን ዋጥ አድርጎ ዝም ነው የሚለው፣ ፒንጉንም ጭምር። በሱዶ ድገመው። ያኔ ኤአርፒ ይጠቀማል፦ «ይህ አይፒ የማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ይጮሃል፣ ባለቤቱም ማክ አድራሻውን (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) ይዞ ይመጣል። ለዚህ ጥያቄ የማይመልስ ማሽን ከማንም ጋር ሊነጋገር ስለማይችል ፋየርዎሎች አብዛኛውን ጊዜ አይነኩትም።

ሌሊት ወፍ
ኤንማፕ ባይኖርህም ይሠራል። መጀመሪያ ፒንግ አድርገው፣ መልስ ባይመጣም ግድ የለም፣ ወዲያው የኤአርፒ ሠንጠረዡን (ማሽንህ የያዘውን የአይፒና የማክ አድራሻ ዝርዝር) እይ። ዊንዶውስ ላይ ኤአርፒ ሰረዝ ኤ፣ ሊኑክስ ላይ አይፒ ኔይበር። ከአይፒው ጎን ማክ አድራሻ ከተጻፈ ማሽኑ አለ ማለት ነው፣ ፒንግህን ነው የናቀው። ሊኑክስ ላይ «ፌይልድ» ካለህ ግን ማንም አልመለሰም። ሰረዝ ፒኤን ተጠቀም የሚልህ ካለ አትስማው፤ እሱ «አለ ወይስ የለም» የሚለውን ፍተሻ መዝለያ ነው፣ አንተ ደግሞ የምትፈልገው እሱኑ ፍተሻ ነው።

ጠያቂው
በሱዶ ላፕቶፑ ወጣ፣ ተባረኩ። አንዱ ስልክ ግን አሁንም የለም። ሌላው ደግሞ ወጣ ግን የአምራቹ ስም «አይታወቅም» ይላል። ጎረቤት ገብቶብኝ ይሆን እንዴ?

ሽቦው
አይመስለኝም። የአሁን ስልኮች ለዋይፋይ የፈጠራ ማክ አድራሻ ስለሚሰጡ ኤንማፕ አምራቹን ማወቅ አይችልም። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የዋይፋዩን ማክ አድራሻ ከወጣልህ ጋር አስተያየው። የጠፋው ምናልባት ተኝቶ ይሆናል፣ ስክሪኑን አብራውና ድገም። አሁንም ከሌለ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ እንዳልሆነ እይ፤ ብዙ ራውተሮች የእንግዳውን መስመር ከዋናው ይለያሉ፣ ያኔ ኤአርፒህ እዛ አይደርስም።

ሌሊት ወፍ
አንድ ነገር፦ ይህን መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዳትሞክረው፣ ቢያንስ የኔትወርክ ክፍሉን ሳታስፈቅድ። እንዲህ ያለ ስካን (ፍተሻ) የኔትወርኩ ሎግ (መዝገብ) ላይ በደንብ ይታያል።