የግቢ ወንበሬ በክረምት ዝገት እየበላብኝ ነው

የአትክልት ወዳጅ (አዲስ አበባ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከቱቦላሬ የተበየደ ጠረጴዛና ወንበሮች ግቢ ውስጥ አሉን፤ መቀመጫቸው ጣውላ ነው። አምና ከክረምት በፊት ቀለም አስቀብቼ ነበር። መስከረም ላይ እግራቸው አካባቢ ቀለሙ አብጦ ተላጠ። ጣውላውም ግራጫ ሆኗል። አዲስ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ሰኔ ሳይገባ ምን ባደርግ ይሻላል?

ባለ ብየዳ፦ እህቴ፣ ቀለሙ ያበጠው ዝገት ላይ ስለተቀባ ነው። መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጊው። ቀጥሎ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት እሺው። አቧራውን አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) በነካ ጨርቅ ጥረጊና በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቀለም) ቀቢ። እንዳታሳድሪው! የተራቆተ ብረት ጤዛ ካገኘው ወዲያው ይዝጋል። አንቲረስቱ ሲደርቅ የዘይት ቀለም ሁለት ዙር ይበቃል። ቀቢዎች የወንበሩን ሥር ስለሚዘሉት ገልብጠሽ ቀቢ።

የሰፈር ልጅ፦ ትክክል ነው፤ እኔ ግን እግሩን እጠረጥራለሁ። ቱቦላሬ ውስጡ ባዶ ነው። ብየዳው ላይ ትንሽ ክፍተት ካለ የዝናብ ውሃ ገብቶ እግሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ምንም ብትቀቢ አይድንም። ወንበሩን አንስተሽ ነቅንቂው፣ የውሃ ድምፅ ስሚ። የእግሩ ጫፍ የፕላስቲክ ቆብ ካለው አውልቀሽ አድርቂው። በብረት የተዘጋ ከሆነ ከታች 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በድሪል አስበሺ፣ ውሃው መውጫ ያግኝ። የላይኛውን ክፍተት ደግሞ አስደፍኚ። እግሩም ሣር ላይ አይቁም፤ የታይል ቁራጭ አድርጊለት።

እንጨት ሠሪዋ፦ ስለ ጣውላው አትጨነቂ። ግራጫውን ያመጣው ፀሐይና ዝናብ ነው፤ ላዩ ላይ ብቻ ነው። ብሎኑን ፈትተሽ አውጪው፣ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ በብርጭቆ ወረቀት እሺው። ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ ቀቢና ያልጠጣውን ጥረጊ፤ አለበለዚያ ይጣበቃል። የተቆረጠውን ጫፍ ደጋግመሽ አጠጪው፣ ውሃ በብዛት የሚገባው በዚያ ነው። አደራ፣ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድደሽ አትጣዪ። ሲደርቅ ራሱ ይግላል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው።

የአትክልት ወዳጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አንዱን ወንበር ስነቀንቀው እውነትም ውሃ አለው። ክረምቱን በላስቲክ ብሸፍናቸውስ?

ባለ ብየዳ፦ እስከ መሬት አትጠቅልዪው። እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ ብረቱ ያልበዋል። ሸራ ከላይ ወጥሪለት፣ ጎኑ ክፍት ይሁን። ውሃ ያለውን ወንበር ግን አሁኑኑ ወደ ብየዳ ቤት ውሰጂው፤ እግሩ ሳስቶ ከሆነ ሰው ሳይወድቅበት ይቀየር።